አጥር የሌለው በር

የዚያን አገር ስም አልነግራችሁም። ረስቼው አይደለም፤ እኔ የምረሳ ሰው አይደለሁም። በተወለድኩበት ቀን የዘነበው ዝናብ ከየትኛው ኮረብታ ተነስቶ እንደመጣ እስካሁን አስታውሳለሁ። ስሙን የምደብቀው፣ ከሰማችሁ እያንዳንዳችሁ "እኔም እዚያ ነበርኩ" ማለት ስለምትጀምሩ ነው። እዚያ የነበርኩት እኔ ድልነሳው ነኝ።

ከተማዋ በር አላት፤ አጥር የላትም። ድሮ ነበራት ይባላል፤ ከብት የማያዘልል፣ ደህና የድንጋይ አጥር። በኋላ የዘበኞች ማሠልጠኛ ይሠራ ሲባል ድንጋይ አነሰና አጥሩን ነቅለው ማሠልጠኛውን ገነቡበት። ማሠልጠኛው አማረ። በሩ ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ። ብዙ ሳይቆይ የበሩን ሳንቃም ምስጥ ጨረሰው። ሰው ግን በበሩ መግባቱን አልተወም፤ እንዲያውም ሰልፉ የረዘመው ከዚያ በኋላ ነው።

"ታዲያ በጎን ዞሮ መግባት ማን ከለከለ?" ትሉ ይሆናል። ማንም አልከለከለም። ፍየሎች በጎን ይገባሉ። ሰው ግን በበሩ ካልገባ አልገባም፤ ሕጉ ይኸው ነው። አንድ ሸማኔ ቸኩሎ በጎን ዞረ። ገበያ መሀል ቆሞ ሰላም ቢል መላሽ አጣ። ጋቢ ሸጦ ሲጨርስ ገዢው "ጋቢውን ማን ሰጠኝ?" እያለ ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ምሳ አቀረበችለት፤ ለጎረቤት ግን "ባሌ ገና አልመጣም" ማለቷን አልተወችም። እንዲህ ሆኖ ከተማው ውስጥ ሸመገለ፤ ጠጉሩ ነጣ፤ ሞተ። የሌለ ሰው አይቀበርም ተብሎ ክርክር ተነሳ። በመጨረሻ ሬሳውን ተሸክመው ወደ ውጭ አወጡት፤ ሰልፍ ይዘው በበሩ አስገቡት። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ወጥቶ "እንኳን ደህና ገባህ" አለው።

እኔ ዘበኛ ልሁን ያልኩት ለደመወዝ አልነበረም። ለቀበቶው ነበር። በዚያ አገር የዘበኛ ቀበቶ የታጠቀ ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። "ዛሬ ፀሐይ አልወጣችም" ካለ ሰው ጥላውን አጥፎ ቤቱ ይገባል። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጎርፍ በጫማዬ ጠልፌ ወደ መጣበት መመለሴን ስናገር የሚስቁብኝ ሰዎች ነበሩ። አንድ የንብ መንጋ ፊት ቆሜ ንግግር ባደርግ ንቦቹ ተነጋግረው ቀፎ መቀየራቸውን ስናገር እንቅልፍ የሚወስዳቸው ነበሩ። ቀበቶውን ስታጠቅ ግን ጎርፉም ንቦቹም እውነት ይሆናሉ። ያለፈው ዕድሜዬ በአንድ ቀን ይታረማል። በጎልማሳነቴ፣ ሆዴ ቀድሞኝ መሄድ በጀመረበት ጊዜ፣ ከጎረምሶች ጋር ሥልጠና የገባሁት ለዚህ ነው።

ለመግባት በትር ያስፈልጋል። በትሩ ከጫካ አይቆረጥም፤ ከቆመ ቤት መነቀል አለበት፣ ያውም ከዘመድ ቤት። የማሠልጠኛው የበላይ ሊቀ ደጃፍ አጥላባቸው ይባሉ ነበር፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ አጭር ሰው ናቸው፤ ሲቆሙ ግን ከጀርባቸው ምንም አይታይም። እንዲህ ብለው አስረዱን፤

"ጫካ የበቀለ እንጨት ማንንም ተሸክሞ አያውቅም፤ ማንንም ጥሎ አያውቅም። ዘበኛ የሚይዘው እንጨት የሆነ ነገር ጥሎ የመጣ መሆን አለበት።"

ዘመዴ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘርትሁን ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከበሩ ውጭ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ ባለች ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። ችግሬን ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ከማዕዘኑ ላይ አንዱን ቋሚ አሳየችኝ። ይዤ ብጎትት እንቢ አለ።

"ጎርፍ የመለስክ ሰው እንጨት አቃተህ?" አለችኝ።

"ቀስ ብዬ ነው እትዬ። በሙሉ ኃይሌ ብጎትተው ኮረብታው አብሮ ይነቀላል።"

"እንዲያ ከሆነ ዞር በል፤ ኮረብታውን እኔም እፈልገዋለሁ።" ቋሚውን በሁለት እጇ ወዝውዛ ራሷ ነቅላ ሰጠችኝ። ቤቱ እንደመሳቅ ያለ ድምፅ አሰምቶ ወደ ገደሉ ዘመመ። አልወደቀም። እኔ እያየሁት ስለነበረ አፍሮ ይመስለኛል።

ሥልጠናው ተጀመረ። ሌላ አገር ዘበኛ ስለ ሌባ ይማራል። እኛ ስለ ሌባ አንድም ቃል አልተማርንም። የተማርነው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ "አይቻልም" የምትለዋን። በመጀመሪያ በአፍ፤ ቀጥሎ በአንገት፤ ከዚያ በቅንድብ። የመጨረሻውና ከባዱ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይናገሩ፣ በአቀማመጥ ብቻ ማለት ነው። መጪው ሰው ገና ከሩቅ ሲያያችሁ "ለካ አይቻልም" ብሎ ራሱ መመለስ አለበት።

በዚህ እኔን የሚያህል አልተገኘም። የአፍ ፈተና ላይ "አይቻልም" ስል ከማዶ ሲያርስ የነበረ በሬ ቀንበሩን እንደያዘ ተኛ። የቅንድቡን ደግሞ ተዉት፤ ወፎች አቅጣጫ ቀይረዋል። ሊቀ ደጃፍ እንኳ፣ ሰው አመስግነው የማያውቁት፣ "የዚህ ሰውዬ እምቢታ ስብ አለው" ብለው መስክረዋል።

ከዚያ ዋናው ትምህርት መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት በሩ የነበረበት ቦታ ወስደው አቆሙንና "በሩ የት ነው?" አሉን።

አንዱ ምስጥ የጨረሰውን መቃን ጉቶ አሳየ። ሊቀ ደጃፍ ጉቶውን በጫማቸው ገፉት፤ ተፈረካከሰ። "አሁንስ?" አሉ። ከዚያ ራሳቸው መለሱት፤

"በር ማለት በትር የያዘ ዘበኛ የቆመበት ቦታ ነው። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ ድንጋዩን ሰው ይወስደዋል። ዘበኛው ባለበት በሩ አለ። ዘበኛው ከኋላው ያለው ሁሉ ውስጥ ነው፤ ከፊቱ ያለው ሁሉ ውጭ ነው። ይህን ያልገባው አሁኑኑ ወደ እርሻው ይመለስ።"

ነገሩ እውነት ነበር። በበጋ ዘበኞቹ ጥላ ፍለጋ ወደ ዋርካው ጠጋ ሲሉ በሩም አብሮ ጠጋ ይላል፤ ሰልፉም ይከተላል። ይህን ሁሉም ያየዋል፤ ማንም ግን አስቦበት አያውቅም። እኔም አላሰብኩበትም። ቃሉን ግን አልረሳሁትም፤ እኔ የምረሳ ሰው እንዳልሆንኩ ነግሬያችኋለሁ።

ከሠልጣኞቹ ማንደፍሮ የሚባል ልጅ እግር ሰው ከእኔ ጋር ይውል ነበር። ጥሩ ልብ ያለው፣ ለዘበኝነት ያልተፈጠረ ሰው ነው። "አይቻልም" በል ሲሉት "አይቻልም መሰለኝ፣ ይቅርታ" ይላል። ማታ ማታ በትሬ ላይ ተደግፌ አስጠናው ነበር።

"ጋሼ ድልነሳው፣ ሰውየው እውነት ቸግሮት ቢሆንስ?" ይለኛል።

"ቃሏን በላት፤ ስለ ሰውየው እኔ አስባለሁ።"

"እርስዎ ስለ ሰው ያስባሉ እንዴ?"

"ከከተማው ሰው ሁሉ በላይ። ሳስብ ድምፅ ስለማላሰማ ነው የማይታወቀው።"

የመመረቂያው ፈተና የሚሰጠው በእውነተኛ ጉዳይ ነበር። ፈታኞቹ የውሸት መንገደኛ አያመጡም። በሠልጣኙ ዘመዶች መሀል ዞረው፣ የእውነት የቸገረው ሰው ይፈልጉና ሠልጣኙ በቆመበት ቀን ወደ በሩ ይልኩታል። ሠልጣኙ ከመለሰው ተመርቋል። ቀበቶው ሊቀ ደጃፍ ፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ያየዋል። ከእሱ ያለፈ አንድም ሰው ቢኖር ቀበቶው ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

ለማንደፍሮ አባቱን አመጡለት። የማንደፍሮ እህት ከተማ ውስጥ ጠንቶባት ተኝታ ነበር። ሽማግሌው "ልጄን ዓይኗ ሳይከደን ልያት" አሉ። ማንደፍሮ ጠረጴዛውን አየ፤ አባቱን አየ። ከዚያ እኔ ያስጠናሁትን ቃል፣ እኔ ባስጠናሁት ድምፅ አወጣው። አባትየው ሰልፉ ጭራ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ሳምንት ሳይሞላ ከከተማው ውስጥ ለቅሶ ተሰማ። ሽማግሌው ለቅሶውን ከሰሙበት ቦታ አልተነሱም።

ማንደፍሮ ቀበቶ ታጠቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አፉ ውስጥ ሌላ ቃል አልቀረም። "ደህና አደርክ?" ስትሉት "አይቻልም" ይላል። "ምሳ እንብላ" ስትሉት "አይቻልም" ይልና ቁጭ ብሎ ይበላል። ባለ መድኃኒቶች መርምረውት ምላሱ ደህና ነው አሉ። ሊቀ ደጃፍ ለአዲስ ገቢዎች እያሳዩ "ሙሉ ዘበኛ ማለት ይህ ነው" ይሉ ነበር።

የእኔ ተራ ሲቃረብ የማቃኛ ጽሕፈት ቤት አዋጅ ወጣ። ይህ ጽሕፈት ቤት ሥራው የተጣመመ ነገር ማቃናት ነው፤ ቤት ሲያቃና ደግሞ መጀመሪያ ያፈርሰዋል፤ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። አቃኚዎቹ ገመድ ይዘው ከሩቅ ቤቶችን ሲያዩ የኮረብታው ወገብ በሙሉ ዘምሞ አገኙት። ሊዘምም ግድ ነው፤ የዘበኛ ዘመድ ቤት ሁሉ ቋሚው ተነቅሏል። ከእነዚያ መካከል የመጀመሪያዋ የእትዬ ዘርትሁን ቤት ሆነች። አዋጁ እንዲህ ይል ነበር፤ የቀትር ነጋሪት ሳይመታ ጽሕፈት ቤቱ ፊት ቀርቦ "ቤቴን አትንኩ" ያለ ይሰማል። ያልቀረበ ቤት እንደሌለው ይቆጠራል።

ቀኑ ደግሞ እኔ የምፈተንበት ቀን ነበር። ፈታኞቹ ምን ያህል እንደተደሰቱ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ጉዳይ አግኝተው አያውቁም።

በዚያን ጠዋት በትሬን ይዤ ቆምኩ። ከፊቴ ሰልፉ ነው፤ እስከ ኮረብታው ግርጌ፣ ሰው በሰው ላይ። ከኋላዬ ጠረጴዛው፣ ሊቀ ደጃፍ፣ ቀበቶው። አዲስ የተሰፋ፣ መቆለፊያው የሚያብረቀርቅ ቀበቶ ነው። ከጎናቸው ማንደፍሮ በዘብ ቆሟል። እትዬ ዘርትሁንን ፈታኞቹ ከሰልፉ አውጥተው ወደ ፊት አመጧት። ነጠላዋን አደግድጋለች።

"ዞር በል፣ ልለፍ" አለችኝ።

ሕጉ መጠየቅ ነው። "ማነሽ? ወዴት ነሽ? ለምን?" አልኳት።

"ማነሽ? አፍንጫህን ስጠርግ ያደግሁ ነኝ። ወዴት? ወደ ማቃኛው። ለምን? የመለስከው ጎርፍ ዞሮ ቤቴን ሊወስድ መጥቷል።"

ሰልፉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሊቀ ደጃፍ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነበር።

"አይቻልም" አልኳት።

ስለ አባባሌ ራሴን ማመስገን አልወድም፤ ሌላ የሚያመሰግን ሰው ስለሌለ ግን ልናገር። እንዲህ ያለ "አይቻልም" ከዚያ በፊት አልተባለም፤ ወደፊትም አይባልም። ሰልፉ ከፊት እስከ ጭራው ቁጭ አለ። ሁለት ደመና የነበሩት አንድ ሆኑ። ሊቀ ደጃፍ እጃቸው ወደ ቀበቶው ሲሄድ ሰማሁ።

እትዬ ዘርትሁን ግን አልተቀመጠችም፤ አልጮኸችም። ጠጋ አለችና በትሬን ያዘችው። በአውራ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ፣ እንጨቱ ጠቆር ብሎ የተሰነጠቀበት ላይ፣ ዳሰስ አደረገች።

"ቅሌን የምሰቅለው እዚህ ላይ ነበር" አለች። ለእኔ አይደለም፤ ለእንጨቱ ነው የተናገረችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ደህና ተምረሃል። እንኳን ነቅዬ ሰጠሁህ።" እዚያው ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

ያኔ ምን እንዳሰብኩ እውነቱን ልንገራችሁ። ቀበቶውን አሰብኩ። ጎርፉን አሰብኩ፤ ንቦቹን አሰብኩ፤ አንድ ጊዜ ጥርሱን ያከምኩለትን አዞ አሰብኩ። ሁሉም ከኋላዬ ጠረጴዛ ላይ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ዞር ብዬ ባሳልፋት አንድ ሰው አለፈኝ ማለት ነው፤ ፈተናውን ወድቄያለሁ፤ የወደቀ ሰው ደግሞ ዘበኛ አይደለም፤ ዘበኛ ያልሆነ ሰው የቆመበትም በር አይደለም፤ እሷም አልገባችም ማለት ነው። ሕጉን እንዲህ አድርገው ነበር የሠሩት፤ ያሳለፈም ያለፈም እኩል እንዲጠፋ።

እና ማንም እንዲያልፈኝ አላደረግኩም። እኔ አለፍኳት።

በትሬን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ወደ ፊት ተራመድኩ። በእትዬ ዘርትሁን ጎን አልፌ ከጀርባዋ ቆምኩ። እሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም። አሁን ግን እሷ ከኋላዬ ናት፤ ከኋላዬ ያለው ደግሞ ውስጥ ነው።

ሰልፉ አንገቱን አሰገገ። ፍየሎቹም ቆመው አዩ።

"ምን አደረግክ?" አሉ ሊቀ ደጃፍ።

"ጥላ ፍለጋ ጠጋ አልኩ፣ ጌታዬ።"

"ሴትዮዋ ገባች?"

"ከእኔ ያለፈ ሰው አይተዋል?"

ወዲያና ወዲህ አዩ። ፈታኞቹን ጠየቁ። ፈታኞቹም እርስ በርስ ተያዩና አንዲት እርምጃ እንዳልተራመደች መሰከሩ። እትዬ ዘርትሁን የገባት ከሁሉም ቀድማ ነው፤ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ማቃኛ ጽሕፈት ቤቱ ሮጠች። ገበያተኛው ሰላም አላት፤ መንገድ ለቀቀላት። በበሩ የገባች ሴት ነበረቻ።

እኔ ደግሞ እግሬ አንዴ ከተነሳ የሚያስቆመኝ የለም። በሰልፉ ጎን ወደ ታች ወረድኩ። በተራመድኩ ቁጥር ሰው ሳይነሳ ይገባል። ስንት ክረምት ተሰልፎ የነበረ ባለ ጨው ገባ። ሙሽሪትን ይዘው የመጡና ሲጠብቁ ሙሽሪት የጎለመሰችባቸው ሚዜዎች ገቡ። "የት ነው ያለነው?" ይላል አንዱ። "ዝም በል፣ ገብተናል" ይላል ሌላው። የሰልፉ ጭራ ላይ የማንደፍሮ አባት ተቀምጠው ነበር። እሳቸውንም አለፍኳቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ በምርኩዛቸው ተነስተው ወደ ልጃቸው መቃብር መንገድ ጀመሩ። ወደ ኋላ ስመለከት ማንደፍሮ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ አባቱን በዓይኑ ሲከተል አየሁት።

እኔ ኮረብታው ግርጌ ቆምኩ። ከኋላዬ አገር በሙሉ ውስጥ ነው። ከፊቴ የቀረው የእትዬ ዘርትሁን ቤትና እንደሷ የዘመሙት ብቻ ናቸው።

እትዬ ዘርትሁን ነጋሪቱ ሳይመታ ደርሳ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሹም "ገብተሻል?" አላት። "ገብቻለሁ" አለች። "ተናገሪ" አላት። ቤቷን ለምን መንካት እንደሌለባቸው ስትነግረው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት፤ አንድ ጊዜ እንባውንም ጠረገ ብላኛለች። ስትጨርስ "ተሰምተሻል" አላት። ወዲያው ነጋሪቱ ተመታ፤ ከጎን ካለው ክፍል አቃኚዎቹ ገመዳቸውን ይዘው ተነሱ። ሰምታችሁ የለም ወይ ብትል፣ መስማት የዚህ ክፍል ሥራ እንደሆነና ማቃናት የዚያኛው እንደሆነ በትሕትና አስረዷት።

እየሮጠች ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ከኋላዋ አቃኚዎቹ፣ ከእነሱ ኋላ ሊቀ ደጃፍና ማንደፍሮ።

"መጡ" አለችኝ እያለከለከች።

"ይምጡ። ትንፋሽሽን ሰብስቢ" አልኳትና ፊቴን ወደ ከተማው አዙሬ፣ ትንሽ ተራምጄ አለፍኳት። አሁን እሷም ቤቷም ከኋላዬ፣ ውስጥ ናቸው፤ ከተማው ነው ውጭ የቀረው። መንገዱ መሀል ቁጭ አልኩ። ያን የመጨረሻውን፣ የአቀማመጡን፣ አወጣሁት።

አቃኚዎቹ ከሩቅ እንዳዩኝ እግራቸው ከበደ። ዋናው አቃኚ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። "ማለፍ እንፈልጋለን" አለ፤ እየተናገረ ግን እየተመለሰ ነበር። አንደኛው በጎን ዞሮ ሄደና የእትዬ ዘርትሁን ግድግዳ ላይ በኖራ ምልክት አድርጎ መጣ። አለቃው ግን "በበሩ ያልገባ ሰው አልገባም፤ አንተ ከዚህ አልተነቃነቅክም" ብሎ ተቆጣው። ያልገባ ሰው ኖራ ደግሞ ምን ይሠራል። እትዬ ዘርትሁን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ሊቀ ደጃፍ አጥላባቸው ፊቴ ደርሰው ቆሙ። ተንገላተዋል፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

"በትሩን አምጣ" አሉ።

"ይለፉና ይውሰዱ።"

"ልለፍ።"

"ማነዎት? ወዴት ነዎት? ለምን?"

እሳቸው ያስተማሩት ጥያቄ ነው፤ አልመልስም ቢሉ ትምህርቱ ይፈርሳል። "ሊቀ ደጃፍ አጥላባቸው። ወደዚያ። ይህን በር ለመዝጋት" አሉ።

እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ቁጭ እንዳልኩ ትከሻዬን ብቻ ትንሽ አስተካከልኩ። ሊቀ ደጃፍ አንድ እግራቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

"አቀማመጥህ ጥሩ ነው" አሉ በመጨረሻ፤ ሳይወዱ።

"አስተማሪዬ ጥሩ ስለነበሩ ነው።"

"ቀበቶ ግን የለህም። ቀበቶ የሌለው ሰው በር ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?" ወደ ማንደፍሮ ዞሩ። "አንተ ቀበቶ አለህ። ግባና በትሩን ንጠቀው።"

ፈራሁ፤ አልፈራሁም ብል ማንም አያምነኝም። ማንደፍሮ ባለ ቀበቶ ነው፤ ወጣት ነው፤ ክንዱን እኔ ነኝ ያጠነከርኩት። በሕግም በጉልበትም ይችለኛል። ማንደፍሮ ወደ በትሩ አየ። ከዚያ ወደ ኋላው፣ አባቱ ወደ ሄዱበት መንገድ አየ።

"አይቻልም" አለ።

ሊቀ ደጃፍ የሰሙ አልመሰሉም። "ንጠቀው አልኩህ።"

"አይቻልም።"

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቀበቶ የታጠቀ ዘበኛ የተናገረው እውነት ነው። አይቻልም ካለ አይቻልም። አቃኚዎቹ ይህን ሲሰሙ ተያዩ፤ "ካልተቻለማ" አሉና ገመዳቸውን እዚያው ጥለው ወደ ቢሮአቸው ተመለሱ። ሊቀ ደጃፍ "ይህ ልጅ ከዚህ ሌላ ቃል የለውም" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ይህን ካሉ ሙሉ ዘበኛ ብለው የመረቁት ማን ነው? አፋቸውን ከደኑት። ሲሄዱ ማንደፍሮን "ና እንሂድ" አሉት። ምን ብሎ እንደመለሰላቸው መንገር አያስፈልገኝም።

ለማንደፍሮ እትዬ ዘርትሁን እንግዳ መቀበያ ጠላ ቀዳችለት። "ጠጣ ልጄ።"

"አይቻልም" አለና ጠጣው። ሁለተኛም ቀዳችለት። አባቱ ከመቃብሩ ሲመለሱ እዚያው ደጃፍ አገኙት፤ አጠገቡ ተቀመጡ። እጁን እንደያዙት መሸ።

እኔ ከበትሩ ጋር ወደ ቤቱ ማዕዘን ሄድኩ። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ነበር። በትሩን መልሼ ተከልኩት፤ በዚህኛው ጊዜ በሙሉ ኃይሌ ገፋሁ፤ ኮረብታው ትንሽ መነቃነቁን ጎረቤቶች ያውቃሉ። ቤቱ ተንቋቋና ቀጥ ብሎ ቆመ። እትዬ ዘርትሁን ቅሏን አምጥታ በቦታው ሰቀለች።

"ጠማማ ነው" አለች፣ ቤቱን ዞራ እያየች።

"የት ላይ?"

"አንተ የነካኸው ጋ።"

ከዚያ ወዲህ በሩ የእህቴ ግድግዳ ውስጥ ነው። በትሩ እዚያ ነው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ፤ ከፈለጋችሁ ዘበኛው ባለበት በሩ አለ ያሉትን ሄዳችሁ ጠይቁ። በኮረብታው ወገብ ያሉ ሌሎች ሰዎችም አይተው ልጆቻቸው የወሰዱትን ቋሚ ይመልሱ ጀምረዋል። ማሠልጠኛው በትር አጥቶ ወና ሆኗል ይባላል፤ ድንጋዩን ለምን እንደሚያውሉት ገና አልተስማሙም።

ቀበቶውን አልሰጡኝም። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እኔ አቃኚዎቹ የጣሉትን ገመድ አንስቼ ታጥቄአለሁ፤ ወገቤን በደንብ ይይዘዋል፣ ከቆዳው ይሻላል። ይህን ታጥቄ የተናገርኩት ሁሉ፣ ጎርፉም፣ ንቦቹም፣ አዞውም፣ እውነት ነው። ድልነሳው ዘበኛ አልተመረቀም የሚል ሰው ካለ፣ መጥቶ በበሩ በኩል ይንገረኝ።